«እነሱ» የሚባሉት እነማን ናቸው? ስለ ኤድዋርድ ሊር ለተጠየቀው ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ «ለልጄ ማታ ማታ የኤድዋርድ ሊርን አስቂኝ ግጥሞች አነብላታለሁ፣ በሳቅ ትፈርሳለች። ሰሞኑን ግን ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በሽተኛና ድብርታም ነበር የሚል ነገር አየሁ። እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት አድርጎ ነው እንዲህ የሚያስቅ ነገር የጻፈው? ደግሞ የመጨረሻው መስመር ለምንድነው መጀመሪያውን ደግሞት ዝም የሚለው?»

እህቴ፣ በሽተኛነቱ እውነት ነው፣ ድብርቱም እውነት ነው። ግን «ውስጡ እያለቀሰ ሰው ያስቅ ነበር» የሚባለውን ነገር እኔ አልወደውም፣ ስለ የትኛውም ቀልደኛ ቢባል ያስኬዳላ፣ ለሁሉም ተብሎ የተሰፋ ልብስ ደግሞ ለማንም ልኩ አይሆንም። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ግጥም ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ፣ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ተማሪ ይሄንኑ «ያዘነ ቀልደኛ» ይዞልኝ ይመጣል፣ እኔም በየዓመቱ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ቀን ቀን ምን ሲሠራ ነበር የሚውለው? ሊር እንጀራው ግጥም አልነበረም፣ ሠዓሊ ነው። ትኩር ብሎ እያየ የኖረ ሰው ነው፣ ሌላው ሰው ደግሞ እንዳያየው የሚደብቀው ነገር ነበረው። ለኔ ግጥሙ የወጣው ከዚህ ከዚህ መሃል ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

የተወለደው ሎንደን ውስጥ ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር በ1812 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አባቱ የአክሲዮን ደላላ ነበር። እናቱ 21 ልጅ ወልዳለች ይባላል፣ እሱ 20ኛው ነው፣ ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው አልቀዋል። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባትየው ገንዘቡን ከሰረና ቤቱ ተመሰቃቀለ፣ ትንሹ ኤድዋርድም በ21 ዓመት ለምትበልጠው ለታላቅ እህቱ ለአን ተሰጠ። እናቱ ከዛ በኋላ እምብዛም ዞር ብላ አላየችውም፣ ያሳደገችው አን ናት። መሳል ያስለመዱትም አንና ሌላዋ እህቱ ናቸው፣ አበባ፣ ቢራቢሮ፣ ወፍ፣ ያኔ ሴት ልጆች እቤት የሚማሩትን ዓይነት። ትምህርት ቤት የገባው ለአጭር ጊዜ ነው። በ15 በ16 ዓመቱ እየሳለ በጥቂት ሽልንግ መሸጥ ጀመረ።

አሁን ወደ በሽታው ልምጣ። በአምስት በስድስት ዓመቱ የሚጥል በሽታ ጀመረው። በዛ ዘመን ይሄ በሽታ እንደ ነውር ነው የሚታየው፣ ቤተሰብም በሽተኛውም ይደብቀዋል። ሊር «ጋኔኑ» ነበር የሚለው። ሊጥለው ሲል ቀድሞ ስለሚታወቀው ከሰው መሃል ተነስቶ ክፍሉ ይገባና በሩን ይዘጋል፣ ሲያልፍለት ተመልሶ ይመጣል። ከ1858 ጀምሮ የጻፋቸው የቀን ማስታወሻዎቹ ተርፈዋል፣ በሽታው የመጣበት ቀን ላይ ትንሽ የኤክስ ምልክት ያደርጋል፣ በቃ፣ ማብራሪያ የለውም። በወር ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ ኤክሶች አሉ። ከጓደኞቹ አብዛኞቹ አብረውት በልተው፣ አብረውት አገር ዞረው፣ ይሄን ነገር ሳያውቁ ነው የሞቱት። ድብርቱን ደግሞ «ሞርቢድስ» ይለው ነበር፣ በብዙ ቁጥር። አስም ነበረበት፣ ብሮንካይተስ ነበረበት፣ ዓይኑም ደካማ ነው። እንግዲህ አስቢው፣ ግብዣ ላይ ፒያኖ እየመታ ሰው የሚያስቅ ሰውዬ፣ በመሃል ብድግ ብሎ ሊጠፋ የሚችል፣ ለምን እንደሆነም የማይናገር።

አሁን ሥራው። በ1830 በ18 ዓመቱ የሎንደን የእንስሳት ማኅበር በአትክልት ቦታው ያሉትን በቀቀኖች እንዲስል ፈቀደለት። ያኔ አብዛኛው የወፍ ሥዕል የሚሳለው ከሞተ ወፍ ነው፣ ቆዳው ተገፎ ጭድ ምናምን ከተሞላበት፣ ለዛ ነው የድሮ የወፍ ሥዕሎች ዓይናቸው የደነዘዘው። ሊር ግን በሕይወት ያለውን ነው የሳለው፣ ጠባቂው ወፉን ይይዝለታል፣ እሱ ክንፉን እግሩን ይለካል፣ ከዛ ይስላል። ከዛ ደግሞ ሥዕሉን ወደ ድንጋይ ማዛወር አለ። ሊቶግራፊ ይባላል፦ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ትስያለሽ፣ ድንጋዩን ታረጥቢዋለሽ፣ የህትመት ቀለም ስትቀቢው ቅባቱ ያለበት ቦታ ብቻ ይይዛል፣ ወረቀት ትጫኚበታለሽ። ሥዕሉ ተገልብጦ ስለሚወጣ ግራው ቀኝ ሆኖ ነው መሳል ያለበት፣ አንድ መስመር ብትሳሳቺ ደግሞ ከድንጋይ ላይ መፋቅ ፈተና ነው። ይሄንን ያደረገው ልጅ ነው እንግዲህ፣ እያንዳንዷን ላባ። 42 ሥዕሎች አወጣ፣ 175 ኮፒ ብቻ፣ ከዛ ሌላ ሰው እንዳያትምበት ድንጋዮቹን አጠፋቸው። ቀለሙ በእጅ ነው የሚቀባው። 14 ክፍል አስቦ በ12 አቆመ፣ አስቀድመው የተመዘገቡት ገዢዎች ክፍያ ያጓትቱበት ስለነበረ ኪሱ አልቻለም።

ምን ያህል ልክ እንደነበረ በአንድ ነገር ልንገርሽ። አንዷን ሰማያዊ በቀቀን ሲስላት ሌላ የታወቀች ዝርያ መስላው በዛ ስም አወጣት። በ1856 የወፍ አጥኚው ቦናፓርት ይቺ የተለየች ዝርያ ናት ብሎ በሊር ስም ሰየማት። ብራዚል ውስጥ በዱር የምትኖርበት ቦታ የታወቀው ደግሞ በ1978 ነው። ማለት ሰውየው ምን እንደሳለ ሳያውቅ በትክክል ስሏል። ስሙን ተሳሳተ፣ ወፏን ግን አልተሳሳተም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ እኔ ከሁሉም የምወደው። የበቀቀን ጥናት ከሳለባቸው ወረቀቶች ባንዱ ላይ ከወፉ አጠገብ የሰው ፊቶች ስሏል፣ የአትክልት ቦታው ጎብኚዎች ናቸው፣ ኮፍያ ያደረጉ፣ አፍንጫቸውን የሰነዘሩ። ወፍ ሊያዩ መጥተው እሱን ነው የሚያዩት። እሱ ቁጭ ብሎ ወፍ ይስላል፣ እነሱ ከበው ያፈጣሉ፣ እሱም ቀና ብሎ እነሱን ይስላቸዋል፣ ወፉ በትክክል፣ ሰዎቹ በካርቱን። ገና አንድ የእንቶ ፈንቶ ግጥም ሳይጽፍ ማለት ነው።

የበቀቀኑን ሥራ ያየ ሎርድ ስታንሊ የሚባል ባላባት፣ በኋላ 13ኛው የደርቢ ኧርል የሆነው (ኧርል የባላባት ማዕረግ ነው)፣ ሊቨርፑል አጠገብ ኖውዝሊ በሚባለው ርስቱ ላይ የነበሩትን እንስሳት እንዲስልለት ወሰደው። ከ1832 እስከ 1837 እየተመላለሰ እዛ ሠርቷል። መጀመሪያ ላይ የሚበላው ታች ከሠራተኞቹ ጋ ነበር ይባላል። ሽማግሌው ባላባት የልጅ ልጆቹ ከገበታ ላይ ተነስተው እየሮጡ የሚጠፉት ለምንድነው ብሎ ሲጠይቅ «ታች ያለው ሠዓሊ ጋ ነው፣ ያስቃቸዋል» አሉት፣ እንግዲያው ወደ ላይ ይምጣና ከኛ ጋ ይብላ አለ። ታሪኩ ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል፣ እንደዚህ ዓይነት ታሪኮች ሲነገሩ ያምራሉ፣ ግን ግጥሞቹ የተጀመሩት ለዛ ቤት ልጆች እንደሆነ ራሱ ሊር ጽፎታል። ከዛ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በሀብታም ቤት እንግዳ ሆኖ ነው የኖረው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም፣ ይወዱታል፣ ይጋብዙታል፣ ሥዕል ይገዙታል፣ ግን ቤቱ አይደለም።

የግጥሙን ቅርጽ እሱ አልፈጠረውም። አንድ ጓደኛው «ከቶቤጎ የመጣ ሰውዬ ነበር» ብሎ የሚጀምር የልጆች ግጥም አሳየውና በዛ ልክ መጻፍ ጀመረ። ዛሬ ሊምሪክ የምንለው ነው፣ እሱ ግን በዛ ስም አይጠራቸውም፣ ኖንሴንስ ነው የሚላቸው፣ እኔ እንቶ ፈንቶ እለዋለሁ፣ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። አንደኛው ሁለተኛውና አምስተኛው መስመር አንድ ቤት ይመታሉ፣ ሦስተኛውና አራተኛው አጫጭር ሆነው ሌላ ቤት። ሁሌ አንድ ሰው አለ፣ ከአንድ ቦታ፣ አንድ እንግዳ ነገር ያለበት፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ጺሙ ውስጥ ሁለት ጉጉት አንዲት ዶሮና ሌሎች ትንንሽ ወፎች ጎጆ የሠሩበት።

አሁን ርዕሱ ላይ ያደረግኩት ነገር ጋ ደረስን። የዋይትሄቨኑን ሰውዬ ግጥም ፈልጊው። ሰውየው ከቁራ ጋ ይደንሳል፣ ሌላ ያደረገው ነገር የለም። «እነሱ» መጡና ይሄን ወፍ ማበረታታት የማይረባ ነገር ነው አሉ፣ ሰውየውን ቀጠቀጡት። አለቀ። እነሱ እነማን ናቸው? አይነገርም። ስም የላቸውም፣ ቦታ የላቸውም፣ ግን ከመቶ ግጥም በብዙዎቹ ውስጥ አሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመክራሉ፣ ይገስጻሉ፣ አንዳንዴ ይገድላሉ። ይሄን ያየሁት እኔ አይደለሁም፣ ደራሲው ኦልደስ ሃክስሊ ጽፎበታል፣ ሌላው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌልም በ1945 አንስቶታል። እኔ የምጨምረው ሥዕሎቹን እዪ ነው። ግጥሙ ውስጥ ሰው ይደበደባል ሥዕሉ ላይ ግን የሚደበደበው ሰው ብዙ ጊዜ ፈገግ ብሏል፣ በጣቱ ጫፍ ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ኋላ እንደ ክንፍ ዘርግቷል፣ አፍንጫው መንቁር ይመስላል። የበቀቀን ሠዓሊው ነው እኮ! ወፍን ለዓመታት የለካ እጅ ሰው ሲስል ወፍ ይወጣዋል፣ ከበው የሚያፈጡት ደግሞ እነዛው የአትክልት ቦታው ጎብኚዎች ናቸው ብዬ ነው የማነበው እኔ። ሌላ ሊል የሚፈልግ ይበል።

1846 በሕይወቱ የተለየ ዓመት ነው። ዓይኑ ስለተዳከመ (በ1836 ለአንድ ወዳጁ ከሰጎን ያነሰ ወፍ መሳል ሊያቅተኝ ነው ብሎ ጽፎለታል) ወፍ ትቶ ወደ መልክዓ ምድር ሥዕል ዞሮ ነበር፣ ከ1837 ጀምሮም ኑሮው ሮም ነው። ስለ ጣልያን ጉዞው ያወጣውን የሥዕል መጽሐፍ ንግሥት ቪክቶሪያ አይታ ወደደችውና ሥዕል እንዲያስተምራት ጠራችው፣ 12 ትምህርት ሰጣት። እሳት ምድጃው ፊት ጀርባውን ሰጥቶ መቆም ይወድ ነበር፣ ንግሥቲቱ ፊት ይሄ አይደረግምና አጃቢው ባለሥልጣን ደጋግሞ በዘዴ ዞር ሲያደርገው፣ እሱ ግን ለምን እንደሚገፉት ሳይገባው ተመልሶ እዛው ይቆም ነበር ይባላል። በዛው ዓመት ነው የእንቶ ፈንቶው መጽሐፍ የወጣው፣ 72 ግጥም፣ በብዕር ስም። ኮስታራ ሠዓሊ ነኝ እያለ ገበያ የሚፈልግ ሰው ይሄን በስሙ ማውጣት አልፈለገም መሰለኝ። ስሙን ያወጣው በ1861 ነው፣ 112 ግጥም አድርጎ፣ ቀጥሎም መብቱን ለአሳታሚ በ125 ፓውንድ ሸጠው። መጽሐፉ ከዛ በኋላ እየደጋገመ ታተመ፣ እሱ ሌላ አላገኘም። ይሄ ነገር ሁሌ ያናድደኛል።

ስሙ ያመጣበትን ጣጣ ራሱ ጽፎታል። ባቡር ላይ ሁለት ሴቶች መጽሐፉን ለልጆች እያነበቡ ይስቃሉ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ይሄን የጻፈው የደርቢው ኧርል ነው፣ ኤድዋርድ ሊር የሚባል ሰው የለም» ብሎ ያስረዳል፣ ማስረጃው ምንድነው፣ በላቲን ፊደል ሊር የሚለውን አራት ፊደል ስታቀያይሪው ኧርል ይሆናል፣ ኤድዋርድ ደግሞ የኧርሉ ስም ነው። ሊር እዛው ተቀምጧል። ኮፍያውን አውልቆ ውስጡ የተጻፈውን ስም አሳየ፣ መሐረቡን አሳየ፣ የተላኩለትን ደብዳቤዎች አሳየ። የለህም ለተባለ ሰው ራስን በኮፍያ ማስመስከር፣ ከዚህ በላይ እንቶ ፈንቶ የለም።

የመጨረሻው መስመር ላይ ያነሳሽው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ «ደካማ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከሱ በኋላ የመጡት የሊምሪክ ጸሐፊዎች ሳቁን አምስተኛው መስመር ላይ ነው የሚያፈነዱት፣ አዲስ ቤት መቺ ቃል አምጥተው። ሊር ግን መጀመሪያ የተናገረውን ቦታ መልሶ ይጠራና ያቆማል፣ በግጥም ሕግ ካየሽው ቃልን በራሱ ቃል ቤት ማስመታት ስንፍና ነው። ግን የሚቀየር አንዲት ነገር አለች፣ ከሰውየው በፊት የምትገባው ቅጽል። አንዳንዴ ትርጉም ያላት፣ አንዳንዴ እሱ የፈጠራት ትሆናለች፣ ለምሳሌ የክሬቷን ወጣት ሴት «ኦምብሊፈረስ» ይላታል፣ በየትኛውም መዝገበ ቃላት ብትፈልጊው ትርጉም የለውም። እንግዲህ ግጥሙ ሰውየውን ወስዶ ወስዶ፣ አስደብድቦ ምናምን፣ መጨረሻ ላይ እዛው ቦታው ላይ መልሶ ያስቀምጠዋል አንድ የማይገባ ቅጽል ለጥፎበት። ልጆች ይሄን ይወዱታል፣ መጨረሻውን ቀድመው ስለሚያውቁት አብረው ይጮኻሉ። አስተካክሎ ያስቀመጠው ለጮክ ብሎ ንባብ ነው፣ ልጅሽን እይና ንገሪኝ።

ረዣዥሞቹ ግጥሞች ሌላ ዓለም ናቸው፣ በኔ ግምት ትልቁ ሥራው እነሱ ናቸው። «ጉጉቱና ድመቷ» የሚለውን የጻፈው በዲሴምበር 1867 ካን ከተማ ላይ ለአንዲት ታማ ለተኛች የጓደኛው ልጅ ነው። ጉጉትና ድመት በጀልባ ይሄዳሉ፣ አሳማ አፍንጫው ላይ ያለውን ቀለበት በአንድ ሽልንግ ይሸጥላቸዋል፣ ቱርክ ዶሮ ያጋባቸዋል። እዚህ ውስጥ «እነሱ» የሉም! ሁለቱ በአስተዳደግም በዝርያም የማይገናኙ ፍጡራን ናቸው ግን ማንም አይከለክላቸውም፣ በጨረቃ ይደንሳሉ። የሚበሉበት ማንኪያ «ረንሲብል» የሚል ቅጽል አለው፣ ይሄም የሱ ፈጠራ ነው፣ ሌላ ቦታ ኮፍያንም ድመትንም ዝይንም ረንሲብል ብሏል፣ ስለዚህ አንድ ትርጉም ሊኖረው አይችልም። ከሞተ በኋላ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጥርስ ያለው ማንኪያ ነው ብለው ትርጉም ሰጡት፣ እሱ በሌላ ቦታ በሳለው ሥዕል ላይ ግን ዳክዬዋ የያዘችው ረንሲብል ማንኪያ እንደ ጭልፋ ነገር ነው።

ራሱ ግን አላገባም። ፍራንክሊን ለሺንግተን ለሚባል ጓደኛው የነበረው ፍቅር ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖረ፣ በዛው ልክ አልተመለሰለትም። በ1860ዎቹ ኦገስታ ቤተል የምትባል ሴት ሊያገባ አስቦ እህቷን አማከረ፣ እህትየው አይሆንም አለችው፣ ኦገስታን ራሷን ሳይጠይቅ ተወው። በሽታውን ለሚስት መናገር ግድ ይሆን ነበር፣ ያ ይመስለኛል ትልቁ ግድግዳ። እንግዲህ ጉጉቱንና ድመቷን እንደገና ስታነቢ ይሄን አስታውሺ ወይም አታስታውሺ፣ ግጥሙ ሳታስታውሺም ይቆማል።

ሌላው ሕይወቱ ጉዞ ነው፣ አልባንያ፣ ግሪክ፣ ግብፅ፣ ፔትራ፣ ኮርሲካ፣ ስልሳ ዓመት ካለፈው በኋላም ህንድ ድረስ ሄዷል። በ1850 በ37 ዓመቱ፣ ንግሥት አስተምሮ ከጨረሰ በኋላ፣ የሮያል አካዳሚ ትምህርት ቤት ተፈትኖ ገብቶ ከልጆች ጋ ቁጭ ብሎ የሰው አካል መሳል ተምሯል፣ በዚህ አከብረዋለሁ። 27 ዓመት ያገለገለው ጆርጂዮ ኮካሊ የሚባል ሰው ነበረው፣ አብሮት ዞሮ በ1883 ሞተበት።

መጨረሻ ላይ ጣልያን ሳን ሬሞ ቤት ሠራ። ፊት ለፊቱ ትልቅ ሆቴል ቆመና ብርሃኑን ዘጋበት፣ ሠዓሊ ያለ ብርሃን ምን ይሠራል፣ ሌላ ቤት ሠራ። አዲሱን ቤት እንደ ድሮው አድርጎ ያሠራው ድመቱ ፎስ እንዳይደናገር ነው ይባላል። ፎስ ጭራው የተቆረጠ፣ ወፈር ያለ፣ ቆንጆ ያልሆነ ድመት ነው፣ ሊር ግን እንደ ባላባት አርማ በየአቋቋሙ ስሎታል፣ ቆሞ፣ ተኝቶ፣ ሲራመድ። ፎስ ከሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ሲሞት አትክልቱ ውስጥ ቀበረውና መቃብሩ ላይ 31 ዓመት ኖረ ብሎ አስጻፈ፣ ድመቱ የዛን ግማሽ ያህል ነው የኖረው። ወፍ በሚሊሜትር የሚለካ ሰው እዚህ ላይ ቆጠራው ጠፋው። ራሱ ጃንዋሪ 29 ቀን 1888 ሞተ፣ የሐኪሙ ሚስት ቀብሩ ሰው የሌለበት ብቸኛ ነበር ብላለች።

ለልጅሽ የምታነቢላት መጽሐፍ ሥዕሎቹ የሱ የራሱ መሆናቸውን አረጋግጪ፣ አንዳንድ እትሞች በሌላ ሠዓሊ ቀይረውታል፣ እነዛን ተያቸው። ሥዕሉን አስቀድመሽ አሳያት፣ ግጥሙን ከዛ፣ ዋይትሄቨን ላይ ስትደርሺ ደግሞ «እነሱ እነማን ናቸው?» ብለሽ ጠይቂያትና የምትልሽን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።